የሙዘይን ጉልበት፣ ከመቅናቱ በፊትና ከቀና በኋላ

የአንድ ሰው ዕድሜ ሲጠቃለል ምን ይወጣዋል? ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ይህን ጥያቄ ለዓመታት ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ተማሪ አስጨንቀውበታል። ፍልስፍና ያስተምሩ ነበር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን ጥያቄያቸውን ይዘው እሑድ እሑድ ጠዋት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ካለው ሜዳ ዳር የፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ እያነከሰ ወደ እሳቸው ይመጣል። የአንዱ ሰው ዕድሜ ሲጠቃለል የሠራው ቤት ነው፤ የሌላው የወለዳቸው ልጆች ናቸው። የሙዘይን ዕድሜ ሲጠቃለል አንድ ጉልበት ነው። ያውም የቀኙ።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር አዲስ አበባ ውስጥ የለም። ቧንቧ ሳይዘረጋ፣ አስፋልት ሳይደርስ፣ እሱ ቀድሞ ደርሷል። ዕድሜው ሃምሳን ተሻግሯል፤ ሆዱ ቀበቶውን ካለፈ ቆይቷል፤ ደረጃ የሚወጣው መደገፊያ ይዞ ነው። ግን በዚያ ዕድሜና በዚያ ሆድ ሥር አንድ የክንፍ ተጫዋች ተቀብሯል፤ አገር ሳያየው፣ ክለብ ሳይወስደው የቀረ። ብሔራዊ ቡድኑ በተሸነፈ ማግስት ታገኙታላችሁ፤ ከሽንፈቱ ይልቅ እሱ አለመሰለፉ እየከነከነው። «ጉልበቴ ባይሄድ ኖሮ…» ይላል። ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶት አያውቅም። መጨረስም አያስፈልገውም፤ የቀረውን ሰፈሩ በቃሉ ይዞታል።

የፈረንሳዩ ተወካይ ክቡር ሙዘይን ናቸው። ክቡርነታቸው ሾላ ገበያ ቅመም ይሸጣሉ። ቀኝ እግራቸውን ጥቁር አዝሙድ በሞላ ጆንያ ላይ ዘርግተው፣ ሚዛኑን በግራ አድርገው ይቀመጣሉ፤ ገበያተኛውም ያንን እግር እየተሻገረ ያልፋል። እንግዲህ ማዕረጉን እዚህ ላይ እናውርደውና፣ ሙዘይን ዘንድ ሩብ ኪሎ ኮረሪማ የጠየቀ ሰው ከኮረሪማው በፊት ጨዋታውን ይመዘንለታል።

«ልጆቹ ትናንት ሲጫወቱ አየሽልኝ? እሱም ኳስ ነው? እኔ ክንፍ ላይ ስነሳ…»

«ሙዘይን፣ በአላህ፣ ድስት ጥጄ ነው የወጣሁት።»

«ድስቱ ይቆይሻል። ጉልበቴ ባይሄድ ኖሮ ይህን ኮረሪማ ማን ይሸጥልሽ ነበር?»

«ሌላ ሰው። ያውም ቶሎ።»

ሙዘይን በዚህ አይቀየምም። የክንፍ ተጫዋች ስድብ ለምዷል። «አንቺ አላየሽኝማ!» ብሎ ኮረሪማውን ይመዝናል፤ ለክፉ አፏም ትንሽ ጭብጥ ያክልላታል።

ባለቤቱ ሳሊሀ ነገሩን በሌላ መንገድ ታስረዳለች። «ጋሼ፣ እኔ ያገባሁት ሁለቱን ነው፤ እሱንና ጉልበቱን» ትላለች ጋሽ ወልደ ሐዋርያትን ባገኘች ቁጥር። «እሱስ ደህና ሰው ነው። ከጉልበቱ ጋር ነው መኖር ያቃተኝ። አልጋው ላይ ሰፊው ቦታ የእሱ፣ ሶፋው የእሱ፣ እንግዳ ሲመጣ ወሬው የእሱ።»

ነገሩ የሆነው በሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ ዝናብ እጁን በማይሰበስብበት ሐምሌ ነው። የዚያን ጊዜው ሜዳ ዛሬ ግማሹ ቤት ሆኗል። ሜዳ ይባል እንጂ ተዳፋት ነበር፤ ከላይ የእንጦጦ ባህር ዛፍ፣ ከታች ወንዝ። ሽቅብ የሚያጠቃ ቡድን አንድ ግብ ካገባ ሁለት እንዳገባ ይኩራራል። ቁልቁል የሚያጠቃው ደግሞ ኳሷን ቀርቶ ራሱን ማቆም ይቸግረዋል። ኳሷ ወንዝ ከገባች ጨዋታው ይቆማል፤ የለጋት ይወርዳል፤ የቀረው ዛፍ ሥር ተጠልሎ የተጠበሰ በቆሎ እየተቀባበለ ይጠብቃል። ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ዛሬም እርጥብ የባህር ዛፍ ቅጠል በሸተታቸው ቁጥር ያ ጫጫታ ጆሯቸው ውስጥ ይነሳል። አብዛኞቹ ጯሂዎች አሁን የሉም። ገሚሱ ሰፈር ለቋል፤ ገሚሱን እሳቸው ራሳቸው ሄደው ቀብረዋል።

የሜዳው ዳኛ እሳቸው ነበሩ። ኳስ ያውቃሉ ተብሎ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው አያዳላም ተብሎ ነው። ፊሽካ ያላቸውም እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሙዘይን ያን ጊዜ ጢሙ ገና የሚያቆጠቁጥ፣ እንደ ቀጤማ የቀጠነ ልጅ ነው። አንድ ትልቅ ክለብ ተጫዋች መራጭ ልኳል ተብሎ ተወርቶ ነበር። እውነትም አንድ ባለ ጃንጥላ ሰው ሜዳው ዳር ቆሟል፤ መራጭ ይሁን ዝናብ ያስቆመው መንገደኛ እስከ ዛሬ አልተጣራም። ሙዘይን ኳሷን በቀኝ ክንፍ ተቀበለ። ሰው አለፈ። ስንት ሰው አለፈ በሚለው ላይ ታሪክና ሙዘይን አይስማሙም። ድሮ ሲያወራ ሁለት ነበሩ። ሚስት ሲያገባ አራት ሆኑ። አሁን አሁን በረኛውን፣ የመስመር ዳኛውንና ባለ ጃንጥላውን ጭምር አልፎ ነው ግቡ አፍ ላይ የሚደርሰው። ብቻ በመጨረሻ ተከላካዩ ዘነበ መጣ። ከዚያ ጭቃ ነው። ከዚያ ጩኸት ነው።

ጋሽ ወልደ ሐዋርያት በዚያች ቅጽበት ኋላ ቀርተው ጫማቸውን ከማጥ ውስጥ እየነቀሉ ነበር። ቀና ሲሉ አንዱ ወድቆ ይጮሃል፤ ሌላው አናቱ ላይ ቆሟል። ፊሽካ ነፉ።

ልጁን አንድ ቆርቆሮ በር ነቅለው፣ በሩ ላይ አስተኝተው፣ ሽቅብ ወጌሻ ቤት ወሰዱት። ወጌሻው ጉልበቱን በቅቤ እያሹ ጆሯቸውን ወደ እሱ አዘነበሉ፤ ጉልበቱ የሚነግራቸው ነገር ያለ ይመስል ነበር። «ጅማቱ ዞሯል እንጂ አልተበጠሰም» አሉ። ጎተቱት፣ አሽከረከሩት፣ በቀርከሃ ጠፍረው አሰሩት። ሙዘይን ያን ዕለት ያሰማው ጩኸት እንጦጦ ራጉኤል ድረስ ተሰምቷል ይባላል፤ ይህንንም የሚለው ራሱ ሙዘይን ነው። ክረምቱ ወጣ፤ እብጠቱ ጎደለ፤ ልጁ ቆመ። ኳስ ሊመታ ዞር ሲል ግን ጉልበቱ ከሥሩ ይሸሻል። ዓመታት ሲደራረቡ እግሩ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ እየጎበጠ ሄደ፤ በመጨረሻም ሙዘይን ቆሞ ሲታይ በአንድ በኩል ሰው፣ በሌላ በኩል ቅንፍ ይመስል ነበር።

ዘነበ «አልነካሁትም» ብሎ አንድ ክረምት ሙሉ ማለ። ሰሚ ሲያጣ ተወው። ከተወው በኋላ ደግሞ ክሱን ለመደው። ከለመደው በኋላ ሳይወደው አልቀረም። ሚኒባስ ገዝቶ ከፈረንሳይ ወደ ሾላ መመላለስ ሲጀምር ጋቢናውን ለሙዘይን ሰጠ፤ ጠዋት ጠዋት ሌላ ሰው እዚያ መቀመጥ አይችልም። ተሳፋሪ ቢያጉረመርም፦

«እናቴ፣ ይቅርታ፣ ኋላ ግቢልኝ። እሱ ሰውዬ ይህን አገር ሊያኮራ ነበር፤ እኔ ነኝ የሰበርኩት» ይላል።

«ጉድ! በምን?»

«በቀኝ እግሬ።»

ተሳፋሪዋ አንዴ የዘነበን ቀኝ እግር፣ አንዴ የሙዘይንን ጉልበት እያየች ሾላ ትደርሳለች። ሁለቱ ከፊት ሆነው፣ አንዱ ነዳጅ እየረገጠ፣ አንዱ እግሩን ዘርግቶ፣ እንደ ባልና ሚስት ይነታረካሉ። «ምናለ ኳሷን ብትመታት?» ይላል ሙዘይን። «ብታቀብል አልመታህም ነበር። ስግብግብ ነህ» ይላል ዘነበ።

ዘነበ ዛሬ የሰፈሩ ጤና ቡድን አምበል ነው። ጤና ቡድን ማለት በሳምንቱ መካከል ቁርጥ በልተው እሑድ ጠዋት ንስሐ የሚገቡ ጎልማሶች ስብስብ ነው። ጤና ፍለጋ ተሰብስበው በየሳምንቱ አንድ ሰው ደግፈው ይመለሳሉ። ዳኛቸው ዛሬም ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ናቸው፤ ከፕላስቲክ ወንበራቸው ሳይነሱ በዚያችው ፊሽካ ያጫውቷቸዋል። ሙዘይን እነዚህን ሰዎች ከሜዳው ውጭ ቆሞ ያሠለጥናል፤ ሹሙኝ አላለም፣ የሾመውም የለም። «ክንፍ! ክንፉን ተጠቀሙበት እንጂ! ክንፍ የሌለው ቡድን ምን ይባላል?» እያለ መስመሩን ዳር ዳር ይዞ ሲያነክስ፣ ከተጫዋቾቹ ይልቅ እሱ ያልበዋል። መስመሩን ግን ረግጦ አያውቅም። ኖራው ጋ ሲደርስ ይቆማል።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ያ ጉልበት ሱቅ ውስጥ ከዳው። ከመደርደሪያ ዕጣን ሊያወርድ ተንጠራርቶ ሲዞር ወደቀ፤ በርበሬ ላይ ስለወደቀም ሾላ ገበያ ግማሽ ቀን ሲያስነጥስ ዋለ። ሳሊሀ ነጠላ ጫማዋን ሳትቀይር ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ቤት መጣች።

«ጋሼ፣ ይንገሩልኝ። ሐኪም ቤት ይሂድ። መስጂድ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ ከጀመረ ስንት ዘመኑ ነው? ግንባሩን መሬት ካስነካ ስንት ዘመኑ ነው? ለኔ አይናገርም እንጂ ይህ ነገር ያቃጥለዋል።»

ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ነገሩት። ሙዘይን ሳይከራከር እሺ ማለቱ አስደነገጣቸው። ሱቁ በር ላይ ቆመው ሳለ ግራ ቀኝ አይቶ ድምፁን ቀነሰ።

«ጋሼ፣ ለሳሊሀ ለሶላት ነው ብያታለሁ። ውሸቴን አይደለም፤ ለሶላትም ነው። ግን… ይህ ነገር ከቀና አንድ ቀን ሜዳ መግባት እፈልጋለሁ። አንድ ግጥሚያ አላልኩም። አምስት ደቂቃ። ክንፍ ላይ።»

«በዚህ ዕድሜህ?»

«በየትኛው ዕድሜዬ? እኔ እኮ ከዚያን ቀን ወዲህ አልተጫወትኩም። እግሬ ገና ልጅ ነው።»

ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ብዙ ፈላስፋ አንብበዋል፤ ይህን ክርክር ግን የትኛውም ዘንድ አላገኙትም።

ሆስፒታል አብረውት የሄዱት እሳቸው ናቸው። ሐኪሟ ዶክተር ሐመልማል ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ጣቶቿ ረጃጅም፣ ንግግሯ አጭር። ሙዘይንን ቀጥ አድርጋ አቁማ ከዳሌው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ራጅ አስነሣችው። ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅላ ማስመሪያና እርሳስ አወጣች፤ ከዳሌው አጥንት ራስ ጀምራ እስከ ቁርጭምጭሚቱ መሃል አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች።

«የሰውነታችን ክብደት በዚህ መስመር ነው የሚወርደው» አለች። «መስመሩ በጉልበት መሃል ማለፍ ነበረበት። የእርስዎ ይኸው፣ የጉልበቱን መሃል ትቶ በውስጥ በኩል ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሸክሙ ሁሉ በውስጠኛው ግማሽ ላይ አርፏል፤ እሱም አልቋል። እዚህ ደግሞ የታችኛው አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚይዝ ጅማት ነበር። የለም። ተበጥሷል።»

«ዞሯል ነው የተባልኩት።»

«ተበጥሷል። ከብዙ ዓመት በፊት።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ይዞ አቆመኝ?»

«ጡንቻና ልማድ» አለች።

ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ይህን መልስ ይዘውት ወደ ቤታቸው ሄደዋል፤ እስከ ዛሬም አልመለሱትም።

የታችኛውን አጥንት ቆርጠን ጥቂት ከፍተን በብረት እናቀናዋለን፤ ከጭንዎ ጀርባ ጅማት ወስደን የተበጠሰውን እንተካለን አለች። ሙዘይን አጥንት መቆረጡን እንደ ዋዛ ሰማው። ያስጨነቀው ሌላ ነው። «ዶክተር፣ ሙሉ በሙሉ አያቅኑት። ትንሽ ይተዉልኝ» አላት። «ለምን?» ብትለው «ሰፈር በምን ያውቀኛል?» አለ። ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነበር።

ከዚያ፣ ለመዝገቡ ያህል፣ እንዴት እንደተጎዳ ጠየቀችው። ክቡር ሙዘይን በአልጋው ጠርዝ ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ። ዝናቡን፣ ተዳፋቱን፣ ባለ ጃንጥላውን፣ ያለፏቸውን ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ፣ በመጨረሻም ዘነበን አመጡ። ዶክተሯ በትዕግሥት ሰማች።

«ይህ ጅማት ብዙ ጊዜ ሰው ነክቶት አይደለም የሚበጠሰው» አለች። «እግር መሬት ላይ ተይዞ ሰውነት ብቻውን ሲዞር ነው። ጭቃ ነበር አላሉም? እግርዎን ጭቃው ይዞት፣ እርስዎ ዞረው ይሆናል። ሰውዬው ምናልባት አልነካዎትም።»

ሙዘይን ወደ ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ዘንበል ብሎ «ጥሩ ሐኪም ናት» አለ በሹክሹክታ፤ «ኳስ ግን አታውቅም።»

ቀዶ ጥገናው ደህና አለፈ። ወራት በክራንች፣ ወራት በከዘራ፣ ከዚያ በኋላ በባዶ እጁ። ሙዘይን ሁለት ራጅ ይዞ ወደ ሾላ ተመለሰ፤ አንዱ ከመቅናቱ በፊት፣ አንዱ ከቀና በኋላ፤ በሁለቱም ላይ ዶክተሯ ያሰመረችው መስመር አለ። ኮረሪማ ሊገዛ የመጣ ሁሉ አሁን ራጁን ወደ ፀሐይ አንስቶ እንዲያይ ይገደዳል። «ተመልከች፤ እዚህ መስመሩ በጎን ይሄዳል። እዚህ ደግሞ በመሃል! በመሃል ነው የሚሄደው! እይው፣ እንደ ባቡር ሐዲድ!» አንዷ ደንበኛ ራጁን ገልብጣ ይዛ «ማሻ አላህ፣ ወንድ ነው ሴት?» ብላ ጠይቃዋለች ይባላል።

ነገር ግን ቀጥ ያለ እግር ያልታሰበ ጣጣ ይዞ መጣ። ድሮ ሙዘይን ኮብልስቶኑን ሲወጣ ኮቴው ብቻ ይበቃ ነበር፤ አንዱ እግር ይረግጣል፣ ሌላው ይጎተታል፤ ሳሊሀም ድምፁን ሰምታ ራት ታቀርባለች። አሁን ድምፅ የለውም፤ ራቱ ይቀዘቅዛል። የገዛ ሰፈሩ ውሾች ጮኹበት። ለቅሶ ቤት ሲገባ ቀድሞ ወንበር የሚለቁለት ሰዎች አሁን «ሙዘይን፣ እስቲ ያንን አግዳሚ ከወዲያ በኩል ያዝ» ይሉታል። ድንኳን ሲተከል ምሰሶ አሸከሙት። «ጉልበቴ…» ብሎ ጀመረና ሁሉም ቀና ያለውን እግሩን ሲያዩት ቀሪውን ዋጠው። ያ ዓረፍተ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀሪ አልነበረውም።

የዘነበ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ጋሽ ወልደ ሐዋርያት የዶክተሯን ቃል የነገሩት ደስ ይለዋል ብለው ነበር፤ ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ነፃ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም። ዘነበ ሚኒባሱን ዳር አቁሞ ሰማቸው። ፊቱ ቀስ እያለ ጠቆረ።

«ማናት እሷ?» አለ። «ያን ጊዜ ተወልዳ ነበር?»

«ነፃ ነህ እኮ ነው የምልህ፣ ዘነበ። አልነካሁትም ብለህ ስትምል አልነበረም?»

«ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነው። ነክቼዋለሁ። እኔ ነኝ የሰበርኩት! ሙዘይንን ማንም አቁሞት አያውቅም፤ እኔ ነኝ ያቆምኩት። ጭቃ ነው ያቆመው ልትሉኝ ነው?»

ሙዘይንም ይህን ሰምቶ መጣ። ሁለቱ ጎን ለጎን እሳቸው ፊት ቆሙ፤ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ቃል። «ጋሼ፣ እርስዎ ዳኛ ነበሩ። ይፍረዱ።» ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ተራ በተራ አዩዋቸው። እውነት ምንድን ነው ብለው ተማሪ ሲጠይቁ ከኖሩበት ዘመን ሁሉ ይልቅ ጥያቄው የከበዳቸው ያን ዕለት ነው። በመጨረሻ «ፊሽካ ነፍቻለሁ» አሉ። «የተነፋ ፊሽካ አይሻርም።» ሁለቱም እፎይ አሉ፤ እየተነታረኩም ወደ ጋቢናቸው ተመለሱ።

አንድ ማለዳ ሳሊሀ ጋሽ ወልደ ሐዋርያትን መንገድ ላይ አገኘቻቸው። ሁልጊዜ በምታሾፍበት አፏ ማሾፍ አቅቷት ነበር። «ጋሼ፣ ዛሬ መሬት ላይ ሰገደ» አለች። «ግንባሩን ምንጣፉ ላይ አደረገና ቆየ። በጣም ቆየ። ጉልበቱ አልነሳ ብሎት ይሆን ብዬ ስጠጋ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ተመልሼ ወጣሁ።» ነጠላ ጫማዋን መሬት ላይ ስታሽ ቆየችና «ያ የድሮው ጉልበት እንኳን ቀረለት ልበል ወይስ ምነው ባልቀረበት፣ አላውቅም» ብላ ሄደች።

ደግሞ መስከረም አንድ ቀን ነበር። ጋሽ ወልደ ሐዋርያት በየአዲስ ዓመቱ የራጉኤልን ንግሥ ለማክበር በእግራቸው እንጦጦ ይወጣሉ፤ ሙዘይንም በየዓመቱ እስከ አንዲት ድንጋይ ድረስ ይሸኛቸዋል። ድንጋይዋ መታጠፊያው ላይ ናት፤ ከባህር ዛፎቹ መካከል ከተማው ሁሉ ይታይባታል። ሙዘይን እዚያ ተቀምጦ እግሩን እያሸ እሳቸው ተሳልመው እስኪመለሱ ይጠብቃል፤ ሰፈሩም «የሙዘይን ድንጋይ» ይላታል። ዘንድሮ ድንጋይዋ ጋ ሲደርሱ ሙዘይን አላያትም። እያወራ አለፋት። አደይ የያዙ ልጃገረዶችን እየቀደመ፣ አቀበቱን በሁለት ቀጥ ያሉ እግሮች እየቆረጠ ወጣ። ዘወር ሲል ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ከኋላው የሉም። ድንጋይዋ ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ይሰበስቡ ነበር።

«ጋሼ፣ ምነው?»

«ምንም። አንተ ውጣ። ተራው የኔ ነው።»

ወጣም። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ፣ በእሳቸው ስም ሳይሆን በቦታቸው፣ ከተማዋን አይቶ ተመለሰ። ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ሲወርድ አዩት። አረማመዱ የሌላ ሰው ነበር። ያን ጎባጣ፣ ያን በየእርምጃው መሬቱን ይቅርታ የሚጠይቅ እግር ፈለጉት፤ አጡት። ለካ ሰው የሌላውን ጉድለት ይህን ያህል ሊወድ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ ሙዘይን ሜዳ መጣ። ታኬታ አድርጓል። እናቱ ሣጥን ውስጥ ያኖሩለትን የዚያን ዘመን ቢጫ ማልያ ለብሷል፤ ማልያው እምብርቱ ጋ ደርሶ ከዚያ በታች መውረድ አልፈለገም። የጤና ቡድኑ እረፍት ላይ ነበር። አንድም ሰው አልሳቀም፤ ይህ ራሱ መጥፎ ምልክት ነው።

«ዘኔ፣ አስገባኝ» አለ። «አምስት ደቂቃ።»

ዘነበ አጎንብሶ የጫማውን ማሰሪያ አጠበቀ። «ዶክተሯ ምን አለች?»

«መራመድ አለች። ክንፍ ላይ እራመዳለሁ።»

«ሙዘይን፣ አንዴ ሰብሬሃለሁ» አለ ዘነበ ቀና ሳይል። «ሁለተኛ አልሰብርህም።»

ሙዘይን ወደ ሌሎቹ ዞረ። አንዱ ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ታስሮ ነበር። ሌላው ውሃ ጠጣ፤ የፕላስቲክ ጠርሙሱ ባዶ ነበር። ሙዘይን ወደ ፕላስቲክ ወንበሩ መጣ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ዳኛ ነዎት። አንድ ቃል ቢሉ ያስገቡኛል። ጉልበቴን ይዩት፤ መስመሩ በመሃል ነው የሚሄደው። አሁን እኮ ምንም አልጎደለኝም።»

ጋሽ ወልደ ሐዋርያት እግሩን አዩ። እውነት ነው፣ ምንም አልጎደለውም። ከእግሩ ባሻገር ግን አንድ ቀጭን ልጅ አዩ፤ በሐምሌ ዝናብ ቁልቁል የሚሮጥ፣ ኳስ እግሩ ላይ የተጣበቀች፣ ማንም ያልደረሰበት። ያ ልጅ እስከ ዛሬ አልተሸነፈም። ሾላ ገበያ በሙሉ ያውቀዋል፤ የዘነበ ጋቢና ሠላሳ ምናምን ዓመት ሲጭነው ኖሯል፤ እሳቸውም ብዙ ወዳጆቻቸውን ቀብረው እሱን ግን አልቀበሩም። ሆዱ ከማልያው የወጣ ጎልማሳ አምስት ደቂቃ ቢሮጥ፣ ኳሷ ቢያመልጠው፣ ቢደክመው፣ ልጁ በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ ይሞታል። ሊሉት ፈለጉ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ መልስ እንዳይሰጡ ፊሽካቸውን ጎረሱበት፤ የሁለተኛውንም አጋማሽ ማስጀመሪያ ነፉ።

ጨዋታው ቀጠለ። ሙዘይን እንደ ወትሮው «ክንፍ! ክንፍ!» አላለም። ኖራው ጋ ሄዶ ቆመ፤ የታኬታው ጫፍ መስመሩን ነክቶ፣ ሁለት እግሮቹ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው። ኳሷ በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር ሰውነቱ ወደ ፊት ይሄድና ይመለሳል። ዘነበ በአጠገቡ ሲያልፍ ቀስ ብሎ፣ ማንም እንዳይሰማበት፣ ግን ሁሉም እየሰማው፣ ደግሞ ለመነው፦

«ዘኔ፣ ኳስ አታቀብሉኝ፤ ግድ የለም። ዝም ብዬ ክንፉ ላይ ልቁም።»